የመጀመሪያው ሃልክ አረንጓዴ አልነበረም

አራት ሆነን የምንሠራው የአማርኛ የድምፅ ድራማ ገና ሁለተኛው ክፍል በወጣ በሳምንቱ ተቺ አገኘ። ድራማው በአሜሪካው የማርቭል ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ስለሚታወቀው ሃልክ ነው፤ ሃልክ ማለት ሳይንቲስቱ ብሩስ ባነር በጋማ ቦምብ ጨረር ተመትቶ የሚለወጥበት ግዙፍ ፍጡር ነው፤ ስድስት ክፍል ይኖረዋል፤ የምንሠራውም ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ ለፍቅሩ ብቻ ነው። ተቺያችን ኮሚክ በማንበብ የቆዩ፣ አማርኛቸውም ያማረ ሰው ናቸው፤ ጽሑፋቸውን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከመጀመሪያው ክፍል ጋር ያወጣነውን የስድስቱን ክፍሎች አጭር መግለጫ ይዘው አንድ በአንድ ወቅሰውናል። ሲጨመቅ እንዲህ ይላሉ፦ ሃልክ ሲፈጠር አረንጓዴ ነው፤ ግራጫ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ሃልክ የሚመጣው በቁጣ ነው፤ እናንተ ጀምበር ስትጠልቅ አመጣችሁት። ጭራቅና ጀግና በአንድ አፍ አይጠሩም። ጨካኝ አባት የጨመራችሁለት ከዘመኑ የሥነ ልቦና ወሬ ተበድራችሁ ነው። ሥራችሁ የሰው ንብረት መስረቅ ነው። የራሳችን ቡዳ እያለ የአሜሪካ ጭራቅ ምን ያደርግልናል? ደግሞስ ሰላዩን የት አደረሳችሁት?

ከሰባቱ በአንዱ ረትተውናል። እሱን ወደ መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ።

ከቀለሙ ልጀምር፤ ተቺው ጸሐፊ ይበልጥ የተቆጡት በእሱ ነውና። የሃልክ የመጀመሪያ መጽሔት የወጣው የግንቦት 1962 ቀን ተጽፎበት ነው (ዓመቶቹንና ወራቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ዋጋው 12 ሳንቲም፣ ጽሑፉ የስታን ሊ፣ ሥዕሉ የጃክ ከርቢ ነበር። ሽፋኑ ላይ የቆመው ግድንግድ ፍጡር ግራጫ ነው። ውስጡም ግራጫ ነው። ሊ ቀለሙን የመረጠው የትኛውንም የሰው ዘር እንዳያስታውስ አስቦ መሆኑን በኋላ ተናግሯል።

ታዲያ አረንጓዴው ከየት መጣ? ከማተሚያ ቤት። በዚያን ጊዜ ኮሚክ የሚታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ ነበር፤ ቀለሙም የሚገኘው የጥቂት ቀለማት ነጠብጣብ ተቀላቅሎ ነው። ግራጫ በዚህ አሠራር አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ ቀለም ትንሽ ካየለ መልኩ ይሸሻል። በዚያው በአንድ እትም ውስጥ ሃልክ አንዱ ገጽ ላይ የነጣ አመድ፣ ሌላው ላይ ጥቀርሻ፣ አንዳንድ ቦታም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሆኖ ወጣ። ቀለም ቀቢው ስታን ጎልድበርግ ግራጫው እንደሚያስቸግር ያውቅ ነበር። ሊ ውጤቱን ሲያይ ቀለሙ ይለወጥ አለ፤ ከቁጥር 2 ጀምሮ ሃልክ አረንጓዴ ሆነ። ለምን እንደተለወጠ በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አልተተነፈሰም። በግንቦቱ እትም ግራጫ የነበረ ሰው በሐምሌው አረንጓዴ ሆኖ መጣ፣ አንባቢም ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ብዙ ሰው ያሳሳተው። የሃልክ አፈጣጠር በድጋሚ በሚታተምበት ጊዜ ሁሉ ግራጫው እየተፋቀ አረንጓዴ ይቀባ ነበር፤ ይህም ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ቆየ። ጸሐፊው «የመጀመሪያው እትም» ብለው የሚምሉበት ቅጂ ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ግራጫው በ1986 ተመለሰ፤ ጥቂት ቆይቶም ሙሉ ልብስ የሚለብስ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ የቁማር ቤት ጉልበተኛ ሆኖ የሚሠራ ጆ ፊክሲት የተባለ ግራጫ ሃልክ ወጣለት። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሉታል አባቶቻችን። እኛ የጨመርነው ቀለም የለም። የጠፋውን መለስን እንጂ።

በድምፅ ድራማ ቀለም ማን ሊያይ ነው? ጸሐፊው ይህንንም በፌዝ ጠይቀዋል። ጥያቄው ግን ፌዝ አይደለም፤ እኛንም አንድ ምሽት ሙሉ አጨቃጭቆናል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ባነር ከቦምቡ ያዳነው ጎረምሳ ሪክ ጆንስ የሰውየውን እጅ በመስኮቱ ብርሃን አይቶ «ዶክተር፣ እጅዎ አመድ መሰለ» ይላል። አረንጓዴ ቢሆን ምን ይል ነበር? ጎመን? ቅጠል? ልምላሜ ነው የሚመጣው። ከአንድ ቀን በፊት ቦምብ የወደቀበት ሰው ሲሆን ግን ጆሮ «አመድ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀለሙንም ቃጠሎውንም አብሮ ያያል። ቀለሙን የመለስነው ለታሪክ ተቆርቋሪነት ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ስለሚሠራልን ነው።

ወደ ቁጣው እንለፍ። ቁጣ ከሌለ ሃልክ የለም ብለው ጽፈዋል። ይህን ያመጣው የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ይመስለኛል። በኅዳር 1977 የሙከራ ፊልሙ ታየ፤ ከ1978 እስከ 1982 ደግሞ ተከታታዩ ቀጠለ፤ ሳይንቲስቱን ቢል ቢክስቢ፣ አረንጓዴውን ሉ ፌሪኞ ሠሩት። ሳይንቲስቱ አንድን ጋዜጠኛ እንዳያናድደው የሚያስጠነቅቅበት ንግግር ዓለምን ዞረ፤ ሃልክን በሥዕል ያላየ ሁሉ ሃልክ ማለት ሲናደድ የሚያብጥ ሰው ነው ብሎ ቀረ። ግን ያንን ተከታታይ ይመልከቱት፦ ብሩስ የነበረው ስም ዴቪድ ሆኗል፤ በረሃው የለም፤ ቦምቡ የለም፤ ጄኔራሉ የለም፤ በላቦራቶሪ ውስጥ መጠኑ ያለፈ ጨረር በራሱ ላይ የሚለቅ ሐዘንተኛ ሐኪም ነው ያለው። አዘጋጁ ኬኔት ጆንሰን እንዲያውም ቁጣን ለማሳየት ቀዩን ቀለም ፈልጎ ነበር፤ ከለከሉት እንጂ። ጸሐፊያችን ንጹሕ ምንጭ አድርገው የያዙት ነገር ከእኛ ድራማ አሥር እጅ የራቀ ለውጥ ነው።

የ1962ቱ ሃልክ የሚመጣው በጀምበር መጥለቅ ነው። ቁጥር 1ን ይግለጡ። ባነርና ሪክ ቦምቡ ከፈነዳ በኋላ በወታደራዊው ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ይመሻል። የጨረር መለኪያው መንጫጫት ይጀምራል። ባነር እጁን ያያል፤ ከዚያ ግድግዳው ይፈርሳል። ማንም አላናደደውም። ፀሐይ ገባች፣ በቃ።

ይህን ትዕይንት ስንቀርጽ የመለኪያውን ድምፅ ያገኘነው በቆርቆሮ ሳህን ላይ ሽምብራ እያንጠባጠብን ነው። መጀመሪያ አንድ ፍሬ፤ ዝምታ፤ ሁለት ፍሬ፤ ከዚያ እፍኝ ሙሉ። የሸሚዙን መቀደድ ከአሮጌ አቡጀዲ አወጣነው፤ በፍጥነት ሲቀደድ ጩኸቱ ቀጭን ሆኖ ስላስቸገረን ሁለት ሰው ዳርና ዳር ይዞ ቀስ እያለ ሳበው። እርምጃው ደግሞ ጣውላ ወለል ላይ የሚወድቅ ግማሽ ጆንያ ጤፍ ነው። የጤፉ ባለቤት የጓደኛችን እናት ናቸው፤ ሦስት ቀን ታግሠውናል። ጸሐፊው ድምፁን «ደካማ» ብለውታል። ይህ የጆሮ ጉዳይ ስለሆነ አልከራከርም።

ለምን በጀምበር መጥለቅ? የዘመኑን ሕግ ማወቅ ይረዳል። ከ1954 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አውጥተው ነበር፤ ደም የሚመጥ ሙት፣ ከመቃብር የተነሣ፣ ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው ሁሉ በደንቡ ተከለከለ። ደንቡ የላላው በ1971 ነው። ሊ ሃልክን ሲያስብ የፍራንከንስታይንን ፍጡር እና ዶክተር ጄኪልን እንዳሰበ ተናግሯል፤ ሲመሽ የሚለወጠው ሰው ግን ሌላ ዘመድም አለው፣ ያ የተከለከለው ተኩላ። እንደ እኔ አነባበብ ሃልክ ጨረቃውን በጋማ ቦምብ የተካ፣ በደንቡ በር ሾልኮ የገባ ተኩላ ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ ሌሊቱ ግን ግምት አይደለም፣ በጉልህ ተስሏል።

ሕጉ ደግሞ አንድ ቦታ አልረጋም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት እትሞች ውስጥ ብቻ ሃልክ በሌሊት ይመጣል፣ ቀጥሎ የሪክን ትእዛዝ የሚሰማ ፍጡር ይሆናል፣ ቀጥሎ ባነር በራሱ መሣሪያ ሲፈልግ ይለወጣል። ገዢ ጠፍቶ መጽሔቱ በቁጥር 6፣ በመጋቢት 1963 ተዘጋ። ጭንቀትና ንዴት የለውጡ ምክንያት ሆነው የተተከሉት ሃልክ በ1964 በሌላ መጽሔት ውስጥ ገጽ ተጋርቶ ሲመለስ፣ ስቲቭ ዲትኮ በሚስልበት ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል አልፎታል ማለት ነው። ወደ እኛ ዘመን ስንመጣም ከ2018 እስከ 2021 በ50 እትም የወጣው፣ አል ዩዊንግ የጻፈው ታሪክ ሌሊቱን መልሶ አመጣው፦ ባነር ቀን ይሞታል፣ ሲመሽ ሃልክ ሆኖ ይነሣል። አንባቢም ወደደው። ስለዚህ ሌሊቱ የእኛ ፈጠራ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ያስመሰከረ ነው።

ስለ ቁጣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከርቢ ሃልክን እንዴት እንዳገኘው ሲጠየቅ የተናገረው ስለ አንዲት እናት ነው፦ ልጇ መኪና ሥር ገብቶባት፣ መኪናውን በእጇ ያነሣች እናት አይቻለሁ አለ። የቴሌቪዥኑም ሐኪም ምርምሩን የሚጀምረው ሚስቱ በመኪና አደጋ ስትሞት መኪናውን ማንሳት ስላቃተው ነው። አንዷ ያነሣችው፣ ሌላው ያላነሣው መኪና። የሃልክ ጉልበት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ጋ ቆም ይበል፤ ቁጣ ከዚህ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

አሁን ጭራቅና ጀግና። ጸሐፊው በአማርኛ ጭራቅ ማለት ሕፃን የሚበላ ነው፣ ጀግና ሊባል አይችልም ይላሉ። ቃሉን በተመለከተ ልክ ናቸው። እናቶቻችን «ጭራቅ መጣ» ሲሉን የሚያዝንና የሚያስብ ፍጡር አልታየንም፤ የምድጃውን ጥግ ነው የሸሸነው። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ሰፋ ያለ ነው፤ አሳዛኙንም አስፈሪውንም ይይዛል። እኛም ቃሉን አልሸሸነውም፤ ምክንያቱም የቁጥር 1 ሽፋን ራሱ ይህንኑ ጥያቄ በትልቁ ጽፎታል፦ ሰው ነው ወይስ ጭራቅ? ወይስ ሁለቱንም? ጭራቅ ነው ብሎ መልስ የሰጠ ሰው ሽፋኑን አንብቦ መጽሔቱን ሳይገዛ ሄዷል።

ይልቅስ አማርኛ ለዚህ ጥያቄ እንግሊዝኛ የማይሰጠውን መሣሪያ ሰጥቶናል፤ ጸሐፊው ይህን ሳያዩት ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። ሪክ ጆንስ ጎረምሳ ነው። ባነር የተማረ፣ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ሕይወቱንም ያዳነለት ሰው ነው። በአማርኛ ሪክ ባነርን «እርስዎ» እንደሚል ለመወሰን አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም። ሃልክ ሲሆንስ? በ1962ቱ እትም ሃልክ ልጁን ነፍሳት ብሎ እየሰደበ ገፍቶት ያልፋል፤ በነገራችን ላይ ንግግሩ የተሟላ ነው፤ ያ የተቆራረጠ የሕፃን አነጋገር በኋላ የመጣ ነው። ታዲያ ልጁ እንዲህ ያለውን ፍጡር ምን ብሎ ይጥራው? «እርስዎ» ካለው አስቂኝ ሆነ። «አንተ» ካለው ያው ሰው መሆኑን ካደ። አንድ ሳምንት ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ሪክ ሌሊቱን ሙሉ «አንተ» እንዲለው አደረግን፤ ንጋት ላይ ባነር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሲነቃ ልጁ ውኃ እያቀበለ «እንካ ጠጣ» ይለዋል። ከዚያ ደንግጦ «ይጠጡ፣ ዶክተር» ብሎ ያርማል። ባነር መታረሙን ሰምቷል። ምን ሌሊት እንዳሳለፉ የሚያውቀው ከዚያች አንዲት ቃል ነው።

ይህን ትዕይንት ጸሐፊው «የአነጋገር ስህተት» ብለው መዝግበውታል። ስህተት አይደለም። የስድስቱ ክፍል ሁሉ ሥር እሱ ነው።

የአባቱን ጉዳይ በአጭሩ ልመልስ። አባቱን ጨካኝ ያደረግነው እኛ ሳንሆን የኮሚኩ ደራሲ ቢል ማንትሎ ነው፣ በ1985፣ በኋላ በሃልክ ስም በቀጠለው መጽሔት ቁጥር 312፤ ሥዕሉ የማይክ ሚኞላ። በዚያ ታሪክ አባቱ ብራያን ባነር የአቶሚክ ምርምር ሠራተኛ ነው፤ ጨረሩ በዘሩ ላይ ጉዳት አድርሷል ብሎ ይፈራል፤ ሕፃኑ ከዕድሜው በላይ ብልህ ሆኖ ሲያየው ፍርሃቱ ተረጋገጠለትና ልጁን ጭራቅ ብሎ ጠራው። እናቱን ገደላት። ከቦምቡ በፊት ነው ይህ ሁሉ። ልጁ ጭራቅ የሚለውን ስም ቦምቡ ከፈነዳበት ከኒው ሜክሲኮ በረሃ አላመጣውም፤ ከቤቱ ይዞት ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ፒተር ዴቪድ ከ1987 እስከ 1998 ሲጽፍ ግራጫውና አረንጓዴው ከዚያ ቤት የተሰነጠቁ የአንድ ሰው ክፋዮች መሆናቸውን በዝርዝር አሳየ። የዘመኑ የሥነ ልቦና ወሬ ከተባለ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። አራተኛውን ክፍል ጸሐፊው ገና አልሰሙትም፤ ከሰሙ በኋላ ቢፈርዱ እመርጣለሁ።

ስርቆት። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው፤ እኔም አልሸፋፍንም። ሃልክ የማርቭል ነው። በአሜሪካ ሕግ ድርጅት አሠርቶ ያሳተመው ሥራ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ 95 ዓመት ይጠበቃል፤ የ1962ቱ እትም ነፃ የሚወጣው 2058 ሲገባ ነው። ከአንድ ሥራ ሌላ ሥራ የማውጣት መብትም የባለቤቱ ነው። አለመሸጣችን፣ ማስታወቂያ አለማስገባታችን፣ በየክፍሉ መጀመሪያ የፈጣሪዎቹን ስም መጥራታችን ጥሩ ጠባይ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ነገ አቁሙ ብንባል እናቆማለን። ባለቤቶች ለአድናቂ ሥራ በር ሊከፍቱም ይችላሉ፦ በ2016 የጠፈር ተከታታዩ የስታር ትሬክ ባለቤቶች መመሪያ አውጥተው፣ አንዱ ፊልም ከ15 ደቂቃ፣ ሁለት ክፍል ከሆነ በድምሩ ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብም ከ50,000 ዶላር እንዳያልፍ ወስነዋል። መመሪያው የእነሱ ብቻ ነው፤ ለእኛ ጥላ አይሆንም። ግን በስርቆትና በፍቅር መካከል ያለው መሬት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያል።

ስርቆት የሚለው ቃል ከተነሣ ግን ጸሐፊው የከርቢን ስም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በቅንፍ ማስገባታቸውን ማለፍ አልችልም። ከርቢ በ1994 ሲሞት የፈጠራቸው ፍጡራን የእሱ አልነበሩም። በ2009 ልጆቹ መብቱን እንመልስ ብለው ማስታወቂያ ላኩ፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2011፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2013 ለማርቭል ፈረደ። ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጅ ሲደርስ፣ በመስከረም 2014፣ ተስማምተው ዘጉት። ሕጋዊና ፍትሐዊ የሚሉት ቃላት ሁልጊዜ በአንድ ወንበር አይቀመጡም። ይህ እኛን ነፃ አያወጣንም፤ ግን ስለ ባለቤትነት የሚሰብክ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቢሰብክ ያምርበታል።

ቀጥሎ የራሳችን ቡዳ። ይህ ነጥብ ሲነበብ ጣፋጭ ነው፦ ሲመሽ ጅብ የሚሆን ሰው በሀገራችን ሞልቶ ሳለ ኒው ሜክሲኮ ምን ወሰዳችሁ? ተመሳሳይነቱ እኛንም ገርሞናል። ቀን ሰው፣ ማታ አውሬ። ግን ቡዳ ተረት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ቡዳ የተባለው ባለእጁ ነው፤ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ። ዶማውንና ማረሻውን ያበጀልን ሰው ነው «ማታ ጅብ ይሆናል» የተባለው፤ ልጅ በታመመ ቁጥር የሚጠረጠረው፣ ጋብቻ የሚከለከለው። በሃልክ ታሪክ ውስጥ ማንም ጎረቤት አልተከሰሰም። በቡዳው ታሪክ ውስጥ የተከሰሱት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም ያነቡናል፣ በአዲስ አበባም በእስራኤልም። አንድ ቀን ይህን ታሪክ ከባለእጁ ቤት ውስጥ ሆኖ፣ ከከሳሾቹ ሳይሆን ከተከሳሹ አፍ የሚጽፍ ሰው ቢነሣ መጀመሪያ የማደምጠው እኔ ነኝ። ለመዝናኛ የሚለበስ የተዘጋጀ ልብስ አድርጎ ማንሳት ግን አይሆንልኝም።

«የራሳችን እያለ» የሚለው ክርክርም አያሳምነኝም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ወደ አማርኛ ሲመልስ የዴንማርኩን ልዑል ጎንደር አላወረደውም። ከዴንማርክ ሳያነቃንቀው በአማርኛ አናገረው። ባነርም በረሃው ውስጥ ይቆያል። ቋንቋው ነው የእኛ።

ቀረ ሰላዩ።

በ1962ቱ ታሪክ ቦምቡ ሊፈነዳ ሲል ባነር አንድ ልጅ በመኪና ወደ መሞከሪያው ሜዳ መግባቱን ያያል። ረዳቱን ኢጎርን ቆጠራውን አስቁም ብሎት ይሮጣል፤ ልጁን ገፍቶ ቦይ ውስጥ ይጥላል፤ እሱ ግን አይደርስም። ኢጎር ቆጠራውን አላስቆመም፤ የሶቪየት ሰላይ ነበርና። እኛ ኢጎርን አወጣነው። ቆጠራውን ሙከራው ይፋጠን እያለ የሚጮኸው ጄኔራል ሮስ እንዲቀጥል አደረግን። ሮስ ባነርን ማጣደፉ በመጽሔቱም አለ፤ ከባዶ አልፈጠርነውም። ሰላዩ የጊዜው ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ዛሬ ማን ያስፈልገዋል ብለን ነበር።

ጸሐፊው ይህን «ጥፋቱን ለፋሽን ሲባል ወደ አሜሪካ ማዞር» ብለውታል። በፋሽኑ አልስማማም። ነገር ግን ጽሑፋቸውን ካነበብኩ በኋላ ቁጥር 1ን እንደገና ገለጥኩ፤ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፤ የደበቅነው ነገር ታየኝ። ኢጎር የሚልከው መልእክት ጋርጎይል የተባለ ሰው ዘንድ ይደርሳል። ጋርጎይል የሶቪየት ሳይንቲስት ነው፤ በራሱ ሀገር የቦምብ ሥራ ጨረር ፊቱና አካሉ የተጣመመ። ሃልክን ማርኮ ይወስዳል፤ ሃልክ ሲነጋ ባነር ሆኖ ሲያየው ያ ሁሉ የሚፈራው ሰው ያለቅሳል። ሰው መሆን ነው የሚፈልገው። ባነር ይፈውሰዋል፤ እሱም እነባነርን ወደ ሀገራቸው ልኮ ምሽጉን ከነራሱ ያፈነዳዋል።

ይህ የተጻፈበትን ጊዜ አስቡ። ሶቪየት ኅብረት ሦስት ዓመት ሊሞላው የደረሰውን የሙከራ እረፍት በመስከረም 1961 አፍርሳ፣ በጥቅምት 30 በታሪክ ከተፈነዱት ሁሉ የሚበልጠውን፣ ወደ 50 ሜጋቶን የሚጠጋውን ቦምብ ካፈነዳች ወራት ብቻ አልፈዋል። በዚያ ሰሞን፣ በ12 ሳንቲም መጽሔት፣ ጠላት የተባለው ወገን የራሱ ጭራቅ አለው፤ ያም ጭራቅ እንደ እኛው ያለቅሳል ተብሎ ተሳለ። እኛ ፕሮፓጋንዳ ነው ብለን የጣልነው ሰላይ ወደዚያ እንባ የሚወስደው ብቸኛ መንገድ ነበር። ኢጎር ከሌለ ጋርጎይል የለም፤ ጋርጎይል ከሌለ ቦምቡ በአንድ ሀገር ብቻ ሰው የሚያጣምም ይመስላል። ጸሐፊው ይህን በዚህ መልክ አላሉትም፤ ሰላዩን መልሱ ነው ያሉት። ያም ሆኖ ያየሁት እሳቸው ባስገለጡኝ ገጽ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና እየቀረጽን ነው፤ የጤፉ ጆንያ ዳግመኛ ተለምኖ መጥቷል። ሮስ ማጣደፉን አይተውም። ኢጎር ይመለሳል፣ ግን አንድ ቃል አይናገርም። ባነር አስቁም ብሎ በሩን ከፍቶ ከሮጠ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሰዓቱ ቆጠራና የአንድ ሰው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ አርባ ሰከንድ ያህል። ለትንፋሹ ሰው አላገኘንም፤ እኛ አራታችንም ሞክረን ሳቅንበት። ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ ማክሰኞ ማታ እንቀርጻለን፤ ሽምብራውን እኔ አንጠባጥባለሁ።